የሚቆጠር መብራት

ሞተሩ አልተነሳም። ቁልፉ ግን ዳሽቦርዱ እስኪበራ ድረስ ዞሯል፤ ከመሪው በታች ያለችው የመመርመሪያ ማብሪያም ተጭናለች። መጀመሪያ ቢጫው መብራት አንዴ ብልጭ ይላል። ሰከንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ያህል ፋታ ይሰጥና ተራው የቀዩ ይሆናል። ሁለቴ ብልጭ ብሎ ያርፋል፤ ሦስቴ ብልጭ ብሎ ያርፋል፤ አምስቴ ብልጭ ሲል ቢጫው ተመልሶ ይዘጋዋል። ሾፌሩ ጉልበቱ ላይ ባስቀመጠው ወረቀት 235 ብሎ ይጽፋል። ቆጠራው ቢምታታበትም ችግር የለም፤ መብራቱ ሳይሰለች ያንኑ ይደግምለታል። በ1990ዎቹ ማብቂያና በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከከሚንስ ፋብሪካ የወጣ ኤሌክትሮኒክ የናፍጣ ሞተር ችግሩን የሚናገረው እንዲህ ነበር። 235 ማለት የማቀዝቀዣው ውኃ መጠን ከሚፈቀደው በታች ወርዷል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ መብራት ትዝታ ነው፤ ነገር ግን ትዝታ ሁልጊዜ ናፍቆት ብቻ አይደለም፣ አንዳንዴ ክርክርም ይሆናል። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ ያ መብራት የሚሰጠው መረጃ እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ የሞተር ኮድ ምስክር እንጂ ዳኛ አለመሆኑን ቆጣሪው ሳይወድ በግድ ይማር ነበር። ኮዱ ስልክ ላይ በሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከጀመረ ወዲህ ግን ምስክሩንና ዳኛውን ማምታታት ቀላል ሆኗል።

ሞተርሆምን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላቅርበው። አልጋ፣ ኩሽና፣ መታጠቢያና ሳሎን ያለው ቤት በአውቶቡስ ወይም በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ተጭኖ ሲሄድ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ቤታቸውን ዘግተው፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ሸጠው፣ በዚህ መኪና ከግዛት ግዛት ይዞራሉ። ከትልልቆቹ መካከል ዲዝል ፑሸር የሚባለው ዓይነት ሞተሩ ከኋላ ሆኖ መኪናውን የሚገፋ ነው፤ ርዝመቱ 12 ሜትር ይደርሳል፣ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ሾፌሩ ከፊት መስተዋቱ ሥር ተቀምጧል፤ ሞተሩ ደግሞ መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር ነው። ይህ ርቀት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በእኛ አገር የናፍጣ መኪና ዕውቀት ለረጅም ዘመን የጆሮ ዕውቀት ነበር። በፊያት ኤንትሬ ውስጥ ሞተሩ ከሾፌሩና ከረዳቱ መሃል ተቀምጦ እንደ ሦስተኛ ተሳፋሪ ያወራል፤ ድምፁ ሲሻክር፣ ዳገት ላይ ሲያቃስት፣ ጭሱ ሲጠቁር ሾፌሩ ኮፈን ሳይከፍት ያውቃል። ዲዝል ፑሸር ውስጥ ግን ጆሮ ሥራ የለውም። ከኋላ ሞተሩ ቢያንኳኳ እንኳ ፊት ለተቀመጠው ሰው የሚሰማው የሰሃን መንቀጫቀጭና የቁምሳጥን መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ «የድሮ መካኒክ በጆሮው ነበር የሚያውቀው» የሚለው የተለመደ ናፍቆት እዚህ ቦታ አያገኝም። በዚህ መኪና ውስጥ ዓይን ጆሮን መተካት ነበረበት፤ ለዓይን የተሰጡትም እነዚያ ሁለት ትናንሽ መብራቶች ናቸው።

ከዚያ በፊት መብራቱም አላስፈለገም ነበር። ከሚንስ ባለ 12 ቫልቩን 5.9 ሊትር ሞተር እስከ 1998 ድረስ ለመንገድ መኪና ሲያቀርብ ናፍጣውን የሚመጥነው ፖምፓ ሙሉ በሙሉ መካኒካል ነበር። ኮምፒውተር የለም፤ ኮድም የለም። በዚያው ዓመት ባለ 24 ቫልቩ አይኤስቢ ተተካ፤ ከእርሱ ጋርም ናፍጣው መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስን ኮምፒውተር መጣ። ዲትሮይት ዲዝል በዚህ መንገድ ቀዳሚ ነው፤ ዲዲኢሲ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ያወጣው በ1985 ነው። የጭስ ሕግ እየጠበቀ ሲሄድ፣ የነዳጅ ቁጠባም ሲፈለግ፣ መካኒካል ፖምፓ ሊደርስበት የማይችል ትክክለኛነት ያስፈልግ ነበርና። የአሜሪካው ሕግ ለትናንሽ መኪኖች ከ1996 ጀምሮ አንድ ዓይነት ሶኬትና አንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ እንዲኖራቸው አዘዘ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ «ቼክ በርቶብኛል» ላለ ሰው ማሽን የሚሰካለት በዚያ ሶኬት ነው። ከባድ የናፍጣ ሞተሮችን ግን ተመሳሳይ ግዴታ የደረሳቸው ከ2010 ጀምሮ፣ ያውም ደረጃ በደረጃ ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ ቋንቋ አወራ። ከሚንስ በሦስት አኃዝ፣ ዲትሮይትና ካተርፒላር በሁለት አኃዝ ብልጭ ይላሉ። የአሊሰን አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ ብልጭታ ንቆ፣ የማርሽ መምረጫው ላይ ያሉት ሁለት ቀስቶች አብረው ሁለት ጊዜ ሲጫኑ እስከ 5 የሚደርሱ ኮዶችን በራሱ ትንሽ መስኮት ያሳያል። ሻንሲውን አንዱ፣ ሞተሩን ሌላው፣ ካምቢዮውን ሦስተኛው፣ ቤቱን አራተኛው በሠራው መኪና ላይ እንግዲህ ባቢሎን ማለት ይህ ነው። ለመኪና የተሠራውን ርካሽ ማሽን ገዝቶ ወደ ሞተርሆሙ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመውም ሶኬቱ አለመግጠሙ ነው፤ የከባድ መኪናው ክብ ነው፣ በቆዩት ላይ ባለ 6 ፒን፣ በኋለኞቹ ላይ ባለ 9። በመርሰዲስ ስፕሪንተር ላይ የተሠሩት ትናንሾቹ ሞተርሆሞች ግን የቤት መኪና ሶኬት አላቸው።

«ኮድ» ሲባል አዲስ አበባ ላደገ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ታርጋ ነው፤ ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የቤት መኪና፣ ኮድ 3 የንግድ። ያ ኮድ ያለቀለት ፍርድ ነው፤ ኮድ 2 የሆነ መኪና ኮድ 2 ነው፣ ምርመራ አያስፈልገውም። የሞተሩ ኮድ ግን ለታርጋ ሳይሆን ምናልባት ለአውደ ነገሥት ይቀርባል። ኮከብ ቆጣሪው የጠያቂውንና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ በ12 ይገድፍና የቀረውን ይዞ መጽሐፉን ይገልጣል። የሞተርሆሙ ባለቤትም ብልጭታውን ቆጥሮ፣ ቁጥሩን ይዞ ማንዋሉን ይገልጣል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት መጽሐፉ ከተገለጠ በኋላ ነው። ኮከብ ቆጣሪው ገጹን ሲያገኝ ሥራው አበቃ። የሞተሩ ማንዋል ግን ገጹ ሲገኝ ገና ሥራ ይጀምራል። «ይህን ዕቃ ቀይር» ብሎ አይነሳም። ሶኬቱን ንቀል፣ ፒኖቹ ዝገው ወይም ታጥፈው እንደሆነ ተመልከት፣ በዚህኛውና በዚያኛው ፒን መካከል ስንት ቮልት እንዳለ ለካ፣ ካለ ወደዚህ ገጽ ሂድ፣ ከሌለ ወደዚያኛው ተመለስ ይላል። የሚሰጠው መልስ አይደለም፣ ተከታታይ ጥያቄ ነው። በድሮው ችሎት በላ ልበልሃ ሲባል ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ሳይቀርብለት ቃሉ እንደማይያዝ ሁሉ፣ ኮዱም ሳይጠየቅ አይታመንም። መብራቱን የሚቆጥር ሰው ይህን ለመዝለል ቢፈልግም አይችልም ነበር፤ በእጁ ያለው ባዶ ቁጥር ብቻ ነውና፣ ባዶ ቁጥር ይዞ ዕቃ መሸጫ ቤት አይኬድም።

አንድ ምሳሌ ቀርበን እንይ፤ የዘይት ግፊት። የሞተሩ ኮምፒውተር ዘይት አያይም፣ ግፊትም አይሰማውም። የሚያየው ቮልት ብቻ ነው። ሴንሰሩ 5 ቮልት ይላክለታል፤ እርሱም በግፊቱ ልክ ከግማሽ ቮልት ገደማ እስከ አራት ተኩል ገደማ የሚሆን ምልክት ይመልሳል። ምልክቱ ከዚህ በላይ ዘሎ 5 ቮልት አካባቢ ከተቀመጠ ይህን ያህል ግፊት ሊኖር አይችልም፤ የከሚንስ መብራት 135 ይላል። ከዚህ በታች ወርዶ ዜሮ አካባቢ ከሆነም ሊታመን አይችልም፤ መብራቱ 141 ይላል። ምልክቱ ሊታመን በሚችለው ክልል ውስጥ ሆኖ ግፊቱ አደገኛ ደረጃ ላይ መውረዱን ሲናገር ግን ኮዱ 415 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኮዶች ምስክሩ ሰክሯል ወይም አፉ ተዘግቷል፤ ስለ ዘይቱ ምንም አልተናገረም። በሦስተኛው ምስክሩ ጤነኛ ነው፤ የሚናገረውም ሞተሩ ሊሞት ነው ብሎ ነው። 141 ቢጫ ያበራል፤ ተፈትጎ የተላጠ ሽቦ ወይም ውኃ የገባበት ሶኬት ሊሆን ይችላልና በጊዜው ይታያል። 415 ቀይ ያበራል፤ መንገድ ዳር ወጥቶ ሞተር ማጥፋት እንጂ ሌላ ምክር የለውም። ኋላ ላይ የከባድ መኪና ፋብሪካዎች በተስማሙበት ጄ1939 በሚባለው የጋራ ቋንቋ ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ሆኑ፤ ሁሉም ኤስፒኤን 100 ናቸው፣ ማለትም የሞተር ዘይት ግፊት። የሚለያቸው ኤፍኤምአይ የሚባለው ሁለተኛው ቁጥር ብቻ ነው፤ 3 ሲሆን ቮልቱ ከልክ በላይ፣ 4 ሲሆን ከልክ በታች፣ 1 ሲሆን ደግሞ ምልክቱ ትክክል ሆኖ ግፊቱ በጣም ዝቅተኛ ነው። እንግዲህ የስልክ ስክሪን ላይ «የሞተር ዘይት ግፊት» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ወጥቶ ያች ትንሽ ቁጥር ልብ የሚላት ሰው ስታጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። አንዱ ለአንድ ክንድ ሽቦ ብሎ የዘይት ፖምፓ ያስወርዳል። ሌላው ደግሞ «ሴንሰር ነው፣ የታወቀ ነው» ብሎ በ415 ጉዞውን ይቀጥላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ምስክሮች ተማክረው የሚመጡበት ጊዜም አለ። አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሴንሰሮች 5 ቮልት የሚያድለው በጋራ መስመር ነው። ከመካከላቸው አንዱ ውስጡ ተቃጥሎ መስመሩን ወደ ሻንሲው ቢያገናኘው የሁሉም ምልክት አብሮ ይወድቃል። ያኔ የዘይት ግፊት፣ የአየር ግፊትና ሌላም ኮድ ባንድ ጊዜ ይነሳል፤ ከመሃላቸውም 352 የሚል ይገኛል፣ ትርጉሙ የሴንሰሮቹ የጋራ ቮልት ወረደ ነው። መብራቱን ተራ በተራ እየቆጠረ በወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች የጻፈ ሰው 352ን ከሌሎቹ መሃል ሲያይ ነገሩ ይገለጥለታል፤ ጥፋተኛው አንድ ነው፣ የቀሩት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ይነቅላል፤ የትኛው ሲነቀል መስመሩ ነፍስ እንደሚዘራ ይጠብቃል። ይህ ሥራ ገንዘብ አይፈልግም፤ ተንበርክኮ በባትሪ መብራት መመልከትን ግን ይፈልጋል። በሞተርሆም ላይ ደግሞ ሌላም የሐሰት ምስክር አለ፤ ክረምት። መኪናው ለወራት ቆሞ ሲከርም የሞተሩ ባትሪ ይዳከማል (ለመብራትና ለማቀዝቀዣ የሚያገለግለው የቤቱ ባትሪ ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል)። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ይዘቅጥና ኮምፒውተሩ ግራ ይጋባል። 441፣ ማለትም የባትሪ ቮልት ዝቅተኛ የሚለው ኮድ ከሌሎች ጋር ተደርድሮ ከተገኘ ከእርሱ በፊት ሌላውን መጠርጠር ጊዜ ማባከን ነው። የባትሪውን እግር ጠርጎና አጥብቆ እንደገና መጠየቅ ይቀድማል።

እዚህ ላይ ሊነሳ የሚችለውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ትክክለኛ ተቃውሞም ነው። መብራቱ ድሃ ነበር። ኮዱ ስንት ጊዜ እንደተከሰተ አይናገርም፤ ክረምት ካለፈ በኋላ አንዴ ብቅ ያለውንና በየዳገቱ አርባ ጊዜ የተደጋገመውን አንድ ያደርጋቸዋል። ዛሬ ስልክ ላይ የሚነበበው መልእክት ድግግሞሹን ይቆጥራል፤ አሁን ያለውን ችግርና ያለፈውን ለይቶ ያስቀምጣል። ደህና ማሽን ደግሞ ኮዱ በተነሳበት ቅጽበት ፍጥነቱ፣ ሙቀቱና ጭነቱ ስንት እንደነበረ ያስታውሳል፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ እያንዳንዱን ሴንሰር በቁጥር ያሳያል። ከላይ ያነሳሁትን የ5 ቮልት ምሥጢር እንኳ ስክሪን ላይ ማየት ከመንበርከክ ይቀላል። ይህን ሁሉ አምናለሁ፤ ወደ ብልጭታ እንመለስ የሚል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን ተቃውሞው የሚመልሰው እኔ ያልጠየቅሁትን ነው። መረጃ መብዛቱ ምስክሩን አንደበተ ርቱዕ አደረገው እንጂ ዳኛ አላደረገውም። ልምድ ያለው ሰው ብዙ መረጃ ሲያገኝ ብዙ ይጠይቃል። ልምድ የሌለው ግን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲያይ መጠየቅ ያቆማል፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የመደምደሚያ ቃና አለውና። «235» ያለ መብራት ሰውን ወደ ማንዋል ይልካል። «የማቀዝቀዣ ውኃ መጠን ዝቅተኛ» ያለ ስልክ ውኃ ጨምሮ ወደ መንገድ ይልካል፤ ውኃው የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ። የሄደው ወደ ዘይት ውስጥ እንደሆነስ?

ሌላው ተቃውሞ «ማንዋሉም እኮ የፋብሪካው ነበር፣ ያኔም ዕውቀቱ የባለሙያ ነበር» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ማንዋል ወረቀት ነው፣ መብራቱም ከመኪናው ጋር ይኖራል። የፋብሪካዎቹን ሙሉ ምርመራ የሚያደርጉት ፕሮግራሞች ግን ላፕቶፕ፣ መገናኛ ዕቃና በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ማሳቹሴትስ በ2012 በሕዝብ ድምፅ የመኪና ባለቤት የጥገና መረጃ የማግኘት መብት እንዲኖረው ስትወስን ዜናው አገር አዳርሶ ነበር። ያ መብት ሕግ ሆኖ ሲጻፍ ግን ‹ተሽከርካሪ› የሚለው ትርጓሜ ለመኖሪያ የተዘጋጀ መኪናን ለይቶ ከውጭ አስቀረ። ሾፌሩ መኝታ ክፍል ስላለው መብቱ ቀረ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካዎች ይሄዳሉ። ሞናኮና ፍሊትውድ የተባሉት ትልልቅ የሞተርሆም ሠሪዎች ሁለቱም በ2009 መጋቢት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። ካተርፒላር ለመንገድ መኪናዎች ሞተር መሥራቱን በ2010 ተወ። መኪኖቹ ግን ከሠሪዎቻቸው ዘመን ተርፈው አሁንም መንገድ ላይ አሉ። ዳሽቦርዳቸው ላይ የምትቆጠር መብራት ያለቻቸው ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ዛሬም ይናገራሉ። ከትዝታው ይልቅ ለእኔ የሚከብደው ይህ ማስረጃ ነው፤ መብራቱ ደካማ ቢሆንም ባለቤቱ የራሱ ባለቤት ነበር።

ምስክሩ ዳኛ የሆነበት ጊዜ ግን በእርግጥም መጥቷል፤ ያደረገውም ስልኩ አይደለም። ከ2007 የጭስ ሕግ ጋር ማርሚታው አጠገብ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ መጣ። በ2010 ደግሞ ዲኢኤፍ የሚባለውን የዩሪያ ፈሳሽ ወደ ጭሱ የሚረጭ ሥርዓት ተጨመረ። ከዚህ ጋር አዲስ ዓይነት ኮድ ተወለደ፤ የፈሳሹ መጠን ወይም ጥራት ወይም ሴንሰሩ ላይ ችግር ከታየ ኮምፒውተሩ መናገር ብቻ ሳይሆን ቅጣት ይጥላል። መጀመሪያ ጉልበት ይቀንሳል፤ ችግሩ ካልተፈታ መኪናው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሄድ ይወስናል። የሰው እርምጃ ጥቂት ሲፈጥን ነው። በ2021 የኮምፒውተር ቺፕ እጥረት ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታየ። የዲኢኤፍ ታንክ ሴንሰር ከገበያ ጠፋ፤ ፈሳሹ ሞልቶ፣ ጭሱ ንጹሕ ሆኖ፣ ሴንሰሩ ብቻ ስለሞተ ብዙ ሞተርሆሞች ካሉበት መንቀሳቀስ አቃታቸው። ቤታቸው ያው መኪና የሆነ ሰዎች ከቤታቸው ጋር ቆሙ። በመጨረሻ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቅዶ ቅጣቱን ለጊዜው የሚያነሳ ፕሮግራም ተጫነላቸው። አስተውሉ፤ የተበላሸው ጭሱ አልነበረም፣ የጭሱ ምስክር ነበር። የዘይት ግፊቱን 141 ላይ እንዳየነው ሁሉ ሰካራም ምስክር ነበር የቀረበው። የ1998ቱ ኮምፒውተር ቢሆን ቢጫ መብራት አብርቶ ፍርዱን ለሰው ይተው ነበር።

ለዚህም ጠንካራ መልስ አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ፍትሕ አይሆንም። ቅጣት ባይኖር ማን ዩሪያ ይገዛ ነበር? ሾፌሩ ታንኩን ባዶ ትቶ፣ መብራቱን በጨርቅ ሸፍኖ ይሄዳል። አምራቾቹም ቢሆኑ ታምነው የሚተው አይደሉም። ቮልስዋገን በ2015 ምርመራ ላይ ብቻ ንጹሕ የሚሆን ሞተር ሲሸጥ ተያዘ። ከሚንስ ራሱ በራም ፒክአፕ መኪኖች ላይ ስለተገጠሙ ሞተሮች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል መስማማቱ በ2023 ታኅሣሥ ተነገረ። አየሩ የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ኮዱ ጉልበት ሊኖረው ይገባል የሚለው ሐሳብ መሠረት አለው። እኔም ቅጣቱ ይነሳ አልልም። የምለው የሴንሰር መሞትና የጭስ መበከል አንድ ቅጣት አይገባቸውም ነው። ቋንቋው ሁለቱን የመለየት አቅም አለው፤ ያች ትንሽ ሁለተኛ ቁጥር የተፈጠረችው ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ «ፈሳሹ መጥፎ ነው» እና «ፈሳሹን የሚያይልኝ ዓይን ጠፋ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይቶ መናገር ከቻለ፣ ሁለት የተለያየ ፍርድ መስጠትም ይቻል ነበር። ያልተደረገው ማሽኑ ስላልቻለ አይደለም።

በአሜሪካ ረጅም መንገድ የጭነት መኪና የሚነዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ራሳቸው መኪናውን ገዝተው የሚሠሩም ጥቂት አይደሉም። ሞተራቸው ብዙ ጊዜ ያው ከሚንስ ወይም ዲትሮይት ነው፤ ሶኬቱም ያው ባለ 9 ፒን ነው። ጋራዥ ሲገቡ የሚከፈለው ገንዘብ የሳምንት ትርፍ ይዞ ሊሄድ ይችላልና፣ ስለ ሞተርሆም የተባለው ሁሉ ለእነርሱም የተባለ ነው። ኮድ ስታነቡ ሁለቱንም ቁጥር በወረቀት ጻፉ። ድግግሞሹን ጻፉ። አብረው የተነሱትን በሙሉ ጻፉ፤ ማሽኑ ከማጥፋቱ በፊት፣ መካኒኩም «እስቲ ላጥፋውና ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ እንይ» ከማለቱ በፊት። ቆይቶ ለሚመጣው ጥያቄ ሌላ ማስረጃ የላችሁም።

የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች ደግሞ አንድ ነገር አስበው ነበር፤ ዝምታ ሁለት ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል። መብራቱ ካልበራ ሞተሩ ጤነኛ ነው? ወይስ አምፖሉ ተቃጥሏል? ለዚህ ነው ቁልፉ ሲዞር መብራቶቹ መጀመሪያ ለጥቂት ሰከንድ በርተው የሚጠፉት። የዲትሮይቱ ዲዲኢሲ ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ምንም ጥፋት የሌለበት ሞተር ማብሪያው ተጭኖ ሲጠየቅ ዝም አይልም፤ ሁለቴ ብልጭ ይላል፣ ያርፋል፣ ቀጥሎ አምስቴ ብልጭ ይላል። 25፤ የተመዘገበ ኮድ የለም ማለት ነው።